ጋሼ ታደገ ያልሞቱበት ቀን

ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም?

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ነገር ሳላጣራ የማልተኛ ሰው ነኝ፤ አንድ ቃል ቢያጠራጥረኝ መዝገበ ቃላት ካላገላበጥኩ አይሆንልኝም። የዚያን እሑድ ጠዋት ነገር ግን ባገላበጥኩት ቁጥር አንዴ «አውቀው ነው» አንዴ «በፍጹም!» ይለኛል። ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ያኔ ጎጃም በረንዳ አንድ የብርድ ልብስ ማከፋፈያ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ማስገባት ሲጀምሩ እኔ ራሴ በማታው ክፍል አንደኛ ክፍል ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ቦንዳ ላይ ወጥቼ፣ እግሬን አጥፌ፣ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ድምፄ ግን የለም። «ምን አልሽ?» ሳይለኝ የሄደ ደንበኛ አላስታውስም። እናቴ በተቃራኒው ጭድ ተራ መጥረጊያና ሰፌድ የምትሸጥ፣ ጥሪዋ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል የሚባልላት ሴት ናት። «አንቺ ልጅ፣ ከማን ወጥተሽ ነው?» ትለኝ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ታደገ ናቸው። በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው፣ በጀርባቸው ዕቃ ተሸክመው፣ ኋላ ጅምላ ነጋዴ ሆነው፣ በመጨረሻ አካባቢያችንን ወክለው የከተማው ምክር ቤት የገቡ ሰው። ምክር ቤት ስለ መንገድ ተናገሩ፣ ስለ ፍሳሽ ተናገሩ፣ ስለ እሳት አደጋ ተናገሩ። ስለ ምንም ይናገሩ፣ የሚጨርሱት ግን በዚያው ነው፦ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ በሚውልበት ገበያ አንድ የቲያትር መድረክ የለም!» ባልደረቦቻቸው «የቲያትሩ ተመራጭ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው ግድ የላቸውም። ሥዕል የሚሞክር ልጅ ካዩ ቀለም ይገዛሉ፤ ክራሩ የተሰበረበት ካገኙ ያሠሩለታል። በመጨረሻም መጋዘናቸውን እሑድ እሑድ ቲያትር ቤት አደረጉት። መድረኩ ከዕቃ ማስቀመጫ ርብራብ የተሠራ፣ መቀመጫው የብርድ ልብስ ቦንዳ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ የሚመች የቲያትር ወንበር ያለ አይመስለኝም።

ምን ያደርጋል፣ ሰው አይመጣም። የተዋናዮቹ እናቶችና እህቶች መጥተው አጨብጭበው ይሄዳሉ። የመርካቶ ሰው «ቲያትር? እሱን ሥራ የፈታ ይየው» ብሎ ያልፋል።

እኔን ቲያትሩ ውስጥ የከተቱኝ ጋሼ ናቸው። የለጠፉትን ማስታወቂያ ስህተት በእርሳስ አርሜ ሲያገኙኝ «አንቺ አንድ ቃል አያመልጥሽም ማለት ነው!» ብለው፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ከመጋረጃው ጀርባ በሹክሹክታ የማስታውሰው ሰው አደረጉኝ። ለሹክሹክታ ከእኔ የተሻለ የት ይገኛል?

ከዚያ አንድ ነገር ጻፍኩ። አንዲት መጥረጊያ ሻጭ፣ ደንበኛ እየጠራች፣ በዚያው የገበያውን ሰው ጠብ ሁሉ ስትዳኝ የምትውልበት ቲያትር። ሴትየዋ እናቴ ናት፤ ጥሪዋ፣ ስድቧ፣ ምርቃቷ፣ ሁሉም። ለጋሼ ብቻ አሳየኋቸው። አንብበው እስኪያለቅሱ ሳቁና «ስምሽ በትልቁ ይጻፋል» አሉኝ። ለመንኳቸው። እናቴ፣ በገበያ ፊት መሳቂያ አደረገችኝ ብትለኝ የምገባበት የለኝም። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ «ድርሰት፦ የሰፈር ልጅ» ተብሎ ተጻፈ።

በዚያው ሰሞን ችግር መጣ። መጋዘኑ የመንግሥት ኪራይ ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ እሑድ ረፋድ መጥቶ እንዲያይ ተወሰነ። ሕዝቡ በእውነት የሚጠቀምበት ከሆነ ለመድረኩ ፈቃድ ይሰጣል፤ ባዶ ቤት ካገኘ መጋዘኑ መጋዘን ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ መድረኩም ይፈርሳል።

«ጋሼ፣ እርስዎ የምክር ቤት አባል አይደሉ?» አልኳቸው። «አንድ ስልክ ቢደውሉ…»

«ፀዳለ፣ ሕዝቡ ይፈልገዋል እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩ። ሕዝቡ መጥቶ ካልተቀመጠ ምን ብዬ ነው የምደውለው?»

ይህን ብለው ብዙ ሳይቆዩ ታመሙ። ደም ግፊታቸው ተነስቶ ሆስፒታል ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከምክር ቤት ስብሰባ ቀሩ። ወሬው ጎጃም በረንዳን አዳረሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ሐኪሙ እረፍት ስላዘዛቸው ሰው እንዲያያቸው አልፈለጉም። የመጨረሻውን ልምምድ ልንጀምር ስንል ግን አንድ ተሳቢ መኪና ግቢው በር ላይ ክላክሱን አምባረቀው። ወደብ ላይ ተይዞ የከረመው የብርድ ልብስ ጭነት ነው፤ ከርሞ ከርሞ ያን ቀን! ተሸካሚዎቹ ቦንዳውን እየተቀባበሉ ያስገቡት ጀመር። መድረኩ ተዋጠ፣ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ።

«ነገ የት ልንሠራ ነው? ቦንዳ ውስጥ ተጠቅልለን?» አለች መጥረጊያ ሻጯን የምትጫወተው ሰናይት።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ለእድሩ ዳኛ፣ ለአቶ ስንሻው ደወሉ። አጠገባቸው ነበርኩ። ድምፃቸው እንደታመመ ሰው ዝሏል።

«ስንሻው፣ ለነገ ጠዋት ድንኳኑን ግቢዬ ውስጥ አስተክልልኝ… አዎ፣ አግዳሚውንም… ሰው ይሰበሰብበታል… አሁን አትጠይቀኝ፣ ደክሞኛል።» ዘጉት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ወሩ የጾም ነበር፤ በጾም ሠርግ የለም። ለሳምንት ታሞ የከረመ ሰው ግቢ ውስጥ፣ በጾም፣ የእድር ድንኳን ሲተከል የመርካቶ ሰው ምን ይላል? አርባ ዓመት መርካቶ የኖሩት ጋሼ ይህን ሊያጡት ይችላሉ? ደግሞ ከሆስፒታል የወጣ፣ መድረኩን የተቀማ፣ ኮሚቴ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ ያስባል?

እሑድ ማለዳ ስደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን እየወጠሩ ነው። ትንፍሽ የሚል የለም። ሥርዓታቸው ደስ አለኝ። አቶ ስንሻው ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ አልፈራሁም፤ ብዙ ተዘጋጅተንበታል።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ተዘጋጅታችሁበታል?»

«ሁለት ወር ሙሉ! ጋሼ ራሳቸው ናቸው ሲያዘጋጁን የነበሩት።»

«ብፁዕ ሰው!» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። በቲያትር እንዲህ የሚነካ የእድር ዳኛ መኖሩ ገረመኝ።

ጓሮ ካለችው ክፍል ገብተን ልምምድ ጀመርን። ልምምድ ላይ ስልክ ክልክል ነው፤ የጋሼ ሕግ ነው። የሁላችንም ስልክ፣ የእሳቸውም ጭምር፣ ተዘግቶ አንድ ካርቶን ውስጥ ገባ። ስለዚህ ውጭ የሚሆነውን የሚነግረን አልነበረም።

ልምምዱ ሲያልቅ ጉርምርምታ ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁና የድንኳኑን ጫፍ ገለጥ አደረግሁ።

ሰው! አግዳሚው ሞልቶ፣ ከአግዳሚው የተረፈው ቆሞ፣ የቆመው እስከ በሩ ተያይዞ! የጋቢና የነጠላ ባሕር! ሐጂ ከድር፣ ምንጣፍ ነጋዴው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ከነሠራተኞቻቸው ከፊት ተቀምጠዋል። የጭድ ተራ ሴቶች ተሰልፈው እየገቡ ነው፤ እናቴም መሐላቸው አለች። መጡ! የኔን ቲያትር ሊያዩ መጡ!

ከዚያ አየሁ። የሴቶቹ ነጠላ ተዘቅዝቋል። ሁለት ሴቶች ጋን የሚያህል ድስት ንፍሮ ይዘው ገቡ። ከበሩ በኩል ደግሞ የጋሼ እህት እትዬ ዘውዴ፣ በግራ በቀኝ ተደግፈው፣ «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!» እያሉ ብቅ አሉ።

ወደ ጓሮ በረርኩ።

«ጋሼ፣ ሰው መጥቷል!»

«ተመስገን! ስንት ይሆናል?»

«ግቢው ሞልቷል። ግን ጋሼ… እያለቀሱ ነው።»

«ገና ሳይጀመር?»

«እርስዎ ሞተዋል ብለው ነው የመጡት!»

እጃቸው ላይ የመድኃኒታቸው ውኃ ነበር። ብርጭቆው አፋቸው አጠገብ ደርሶ ቆመ። «ዘውዴም መጥታለች?» አሉ። መምጣታቸውን ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ያ ፊት የቲያትር ፊት አልነበረም፤ እምላለሁ። ግን ውኃውን ጨለጡና፣ ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ ምን አሉኝ መሰላችሁ?

«አግዳሚው ይበቃል?»

እሳቸው ራሳቸው ሊወጡ ሲነሱ ሰናይት በሩ ላይ ተገተረች። «ጋሼ፣ እንዳይሞክሩት! የሚያለቅሱለት ሰው ድንገት ብቅ ሲል ስንቱ ይወድቃል! ያኔ ድንኳኑ የእውነት ይሆናል።»

«እውነቷን ነው፤ ዘውዴ ልቧ አይችልም። መጀመሪያ ሰው ይንገራቸው።» ዞር ብለው እኔን አዩ።

«እኔ? ሰናይት ትንገራቸው እንጂ! ድምፅ ያላት እሷ!»

«ፊቷን ቀለም ተቀብታለች። ለቅሶ ላይ ተኳኩሎ የሚወጣ ሰው በዱላ ነው የሚባለው። ያልተቀባሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሂጂ!»

ወጣሁ። ድንኳኑ ደፍ ላይ ደግሞ ከአንዲት ወይዘሮ ጋር ተጋጨሁ። ፋይል በብብታቸው ይዘዋል፣ ሻርፓቸውን እንደ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፤ ሁለት ባልደረቦች ይከተሏቸዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው።

«ለሥራ ነበር የመጣነው፣ ሳንሰማ» አሉኝ በሐዘን። «ነፍሳቸውን ይማር። በቃ፣ ጉዳዩም አብሮ መዘጋቱ ነው።»

«አይዘጋም!» አልኳቸው። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። «እባክዎ ይቀመጡ፤ ሊጀመር ነው።»

«ምኑ?»

አንድ አግዳሚ ላይ ወጣሁ። «እባካችሁ… አንድ ጊዜ…» አልኩ። ከፊቴ ያሉት እንኳ አልሰሙኝም። ደገምኩ። ለቅሶው ዋጠኝ። እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሰብሳቢዋ ሰዓታቸውን ያያሉ። ያኔ በጭንቅላቴ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ በሹክሹክታ ስደግመው የከረምኩት የቲያትሩ የመጀመሪያ ቃል። ዓይኔን ጨፈንኩና ለቀቅሁት፦

«ኑ እንጂ! ቆሞ ማየት ቤት አይጠርግም! ያገላበጠ ይግዛ፣ የገዛ ይመርቀኝ!»

የእናቴ ድምፅ ከኔ ደረት ወጣ። የድንኳኑ ሸራ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ለቅሶው እንደ ቧንቧ ውኃ ቀጥ አለ።

«ያቺ የኔ ልጅ ናት?» አለች እናቴ ከኋላ።

«ሐዘኑ ነው፤ አእምሮዋን ነካት» አለች ጎረቤቷ።

«ጋሼ ታደገ አልሞቱም!» አልኩ፣ በዚያው ድምፅ።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ማንም አልሞተም።»

«ማንም ካልሞተ ድንኳኑ የምንድነው?»

«የቲያትር ነው።»

ሐጂ ከድር ብድግ አሉ። «ለቲያትር ነው ሱቄን የዘጋሁት?»

«ንፍሮውስ?» አለች ድስቱን የተሸከመችው። «ይሄን ሁሉ ንፍሮ ማን ሊበላው ነው?»

አቶ ስንሻው ወደ እኔ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይህቺው ልጅ ናት! ሁለት ወር ሲያዘጋጁን ከረሙ ብላኛለች! ትናንት ደክሞኛል ብሎ ስልኩን ሲዘጋው ኑዛዜው ነበር የመሰለኝ!»

ጫጫታው ሊፈነዳ ሲል ጋሼ በጓሮው በኩል ለቲያትሩ ከጋረድነው መጋረጃ ጀርባ፣ ቀስ ብለው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ከዚያ እልልታው! ሰው በአግዳሚ ላይ ተራመደ፤ የሚያቅፍ፣ ጉልበት የሚስም፣ የሚያለቅስ። እትዬ ዘውዴ ሕዝቡን ሰንጥቀው ደረሱና፣ ወንድማቸውን ከማቀፋቸው በፊት በያዙት ጃንጥላ ትከሻቸውን ሁለቴ አቀመሷቸው።

«ሁለተኛ እንዲህ ብትሞት አልመጣም! ሰማህ? አልመጣም!»

«እሺ ዘውዴ፣ እሺ።»

ሐጂ ከድር እየሳቁም እየተቆጡም ነበር። «አንተ ሰው፣ በቁምህ ለቅሶ አስቀመጥከን!»

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ምክር ቤት ሲናገሩ በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ብሞት ኖሮ ሦስት ቀን ትቀመጡልኝ ነበር። አውቃለሁ፤ አብሬያችሁ ስንት ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ስንት ዓመት ኑ ብያችሁ አልመጣችሁም፤ ዛሬ ሳልጠራችሁ መጣችሁ። ሦስቱን ቀን ተዉትና አንድ ሰዓት ተኩል ስጡኝ። በቁሜ!»

ሐጂ ከድር ሠራተኞቻቸውን አዩ፣ ድስቱን አዩ። «በሉ ንፍሮውን አዙሩ» ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁሉም ተቀመጠ።

እንደዚያ ያለ ተመልካች አይቼ አላውቅም። የመርካቶ ሰው ቲያትር ዝም ብሎ አያይም፤ ይገባበታል። ሰናይት ከመጋረጃው ፊት ጠበኞችን ስታስታርቅ ግማሹ ለከሳሽ ግማሹ ለተከሳሽ ቆመ። ገዢዋ ስትከራከር እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ «አትቀንሺላት! ነገም ትለምድብሻለች!» ብላ ጮኸች፤ ድንኳኑ በሳቅ ተነቃነቀ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቃል ለማቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሰናይት ግን አንድም አልጠፋትም። እዚያ ቁጭ ብዬ የኔን ቃላት ሰው አፍ ውስጥ፣ ከዚያም በሰው ሳቅ ውስጥ ሰማኋቸው። ሰብሳቢዋን አሾልቄ ባያቸው ፋይሉ መሬት ወድቋል፤ በአንድ እጃቸው ንፍሮ ይዘው በሌላው «የለም፣ የለም፣ ጥፋተኛው እሱ ነው!» እያሉ ከአጠገባቸው ሰው ጋር ይሟገታሉ።

ፈቃዱ ተሰጠ። መድረኩ ዛሬም አለ።

ማታ ከእማዬ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ «ያን የጻፈ ሰው ጭድ ተራን በደንብ ያውቃታል» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «አንቺም ድምፅ አለሽ ለካ» ስትል ዘጋሁት። ያ ለአንድ ቀን በቃኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት የነበረችው ፀዳለ ዛሬ ይህን አትጽፍላችሁም ነበር። ጸጥታዬ አልጠፋም፤ አሁንም ከሰው ይልቅ መጽሐፍ ጋር ስውል ደስ ይለኛል። ግን ድምፅ ሲያስፈልገኝ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቲያትር ጻፍኩ፤ በሁሉም ላይ ስሜ አለ። በመጀመሪያው ላይ ብቻ «የሰፈር ልጅ» እንደሆንኩ ቀረሁ። ጋሼም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በቀጣዩ የምክር ቤት ስብሰባ ንግግራቸውን ሲጨርሱ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በገበያው አንድ መድረክ አለ!» አሉ አሉ፤ የምክር ቤት ዘመናቸው እስኪያልቅም ስለ ሁለተኛው ሲጨቀጭቁ ኖሩ።

አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ድንኳኑን ሲያስተክሉ ሰው ምን እንደሚል ያውቁ ነበር?»

«አንቺ የቲያትር ሰው ሆነሽ ይህ ይጠየቃል?» ብለው ሳቁ። ሌላ አልጨመሩም። አልጠየቅኋቸውምም፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ።

አምና ድንኳኑ እዚያው ግቢ ውስጥ ተተከለ፤ ያን ጊዜ የእውነት። ሰው መጣ፤ ከያኔው በእጥፍ። ግን እንግዳ ለቅሶ ነበር። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ጓሮው መጋረጃ ያያል። ሐጂ ከድር በሦስተኛው ቀን እንኳ ሻይ ሲጠጡ ዓይናቸውን ከዚያች መጋረጃ አልነቀሉም። እትዬ ዘውዴ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። መጋረጃው ግን አልተከፈተም።

ዝምታው ሲከብደኝ ወደ እማዬ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

«እማዬ፣ ያን የመጥረጊያ ሻጯን ቲያትር የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ታዲያ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኛ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ እንደዚያ አልጮህም!» ብላ ጮኸች።

ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አያት። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘውዴ ናቸው።